ቀለም የገባው በር

ሐምሌ ነው በማናማ፤ የሚዘንበው ላብ ነው።
ቢጁ መርጫ አዝሎ ሲገባ አየነው፤
የኬረላ ሰው ነው፣ መነጽሩ ጉም ለብሶ፣
የሊፍቱን ቁልፎች ባንድ እፍታ አርሶ፣
የበሩን እጀታ፣ የአልጋውን ብረት፣
«በቃሽ» አለኝ፣ «እህቴ፣ ይሄ ላንቺ ዕረፍት።
ብርሃን ሲያርፍበት ቀለሙ ይነቃል፣
የተቀመጠበት ቫይረስ ይደቃል፣
ያለ ጨርቅ፣ ያለ ሰው፣ ራሱን ያጸዳል።»

ዳሰስኩት። ለሰለሰ። ሌላ ምንም የለም፤
ሽታም መልክም የለው፣ እንዴት ያለ ቀለም!
ሰባት ዓመት ሙሉ ክሎሪን ስጨምቅ
ጣቴ ተላልጦ፣ አሻራዬም ሲያልቅ፣
መታወቂያ ሳድስ ማሽኑ ሳያውቀኝ፣
እኔ ቀለም ሳልቆጥር በር ነው የቀደመኝ።

ቀለም የገባው በር፣ ባንድ ማታ ተምሮ፣
ባልዲዬን ሊቀማኝ ነው ከነገ ጀምሮ?
ተቆጣጣሪው ቆሞ ስማችንን ሲቆጥር
ትርንጎ ሸሸገች በኪሷ የነጣ ጥፍር።

ስምንት ሰዓት ሌሊት። ከሰባተኛው አልጋ
አቡ ዒሳ ጠራኝ፣ ድምፁ እየተናጋ፤
«ልጄ፣ ይህን መብራት አጥፊልኝ» አለኝ፤
«ዓሣ ሳጠምድ ኖሬ ፀሐይ አቃጠለኝ፣
ይህችን ሌሊት እንኳ በጨለማ ልተኛ።»

አጠፋሁ።
በሩ ተኛ። ብረቱም ተኛ።
ተሕዋሱ እንጃ።

መስኮቱ ላይ ብቻ
የወደቡ ክሬን ቀይ ዓይኑን ያርገበግባል።
ጨርቄን ነከርኩ፤
የአልጋውን ጠርዝ፣ እጀታውን፣ በጨለማ፣
በቀስታ፣ ሽማግሌው እንዳይሰማ።

ነገ ቢጁ «ሠራ ወይ?» ብሎ ይጠይቀኛል።
«ሠርቷል» እለዋለሁ፣
«እስከ ስምንት ሰዓት።»