አጥንቱ ከመግባቱ በፊት

ሐምሌ ነው። ጦሳ ራሱን ጉም ውስጥ ከደበቀ ሦስት ቀን አለፈው፤
ከሰኞ ገበያ ግርጌ፣ የኛ ግቢ ቆርቆሮ
ሲያንጠባጥብ አድሮ ሲያንጠባጥብ ይውላል።
ቦሎቄውን ማታ ዘፍዝፌው ነበር፤
ጠዋት ሳየው አብጦ፣ ልብስ ሲያጥብ እንደዋለ ጣት
ቆዳው ተሸብሽቦ።

መብራት የለም። ከሰል አቀጣጠልኩ።
ጉልበቴ ቆሞ መክተፍ አይወድም፣ በርጩማ ላይ ነኝ፤
ካሮት ሁለት፣ ነጭ ሽንኩርት አንድ ራስ፣
ቀዩን በዘይት እስኪለሰልስ፣
ከደጅ የተቀጠፈ ጦስኝ፣ ቦሎቄው፣ ውሃ፣
ከዚያ ክዳን፣ ከዚያ ትዕግሥት።

ይህን ያስተማረችኝ ሚስት አይደለችም፤
የኔ ትዳር ኤን ትሬዋ ነበረች፣ ከነተሳቢዋ።
አሰብ ወደብ ላይ ነው የተማርኩት፣
ኮስታ ከሚባል የመርከብ ወጥ ሠሪ፣
አንድ ዓይኑ የሚያለቅስ፣ ሌላው የሚስቅ ሰውዬ።
ኮስታ ሾርባው ውስጥ የአሳማ ጭን ይከታል፣
በጨው የታሸ፣ በጭስ የደረቀ፣
እንደ ሕፃን ገላ የቀላ።
እኔ በማተቤ፣ ረዳቴ እንድሪስ በዲኑ፣
ሳህኑን አየን፣ ተያየን።
ፍየል ሲታረድ በባራኪው የምንለያይ
ያን ቀን አሳማው ላይ ተስማማን፣
ሳንነጋገር፣ ሳንወያይ።
ደረቅ ዳቦ በልተን አደርን።

በማግስቱ ኮስታ አዘነልን።
እንድሪስ ድስቱን ተቀብሎ ከባሕሩ ዳርቻ
ሰባት ጊዜ በአሸዋ ፈተገው።
ቦሎቄው ፈላ፤
አጥንቱ ከመግባቱ በፊት
ለሁለታችን ተጨለፈልን።
ከውጭ ጨው እንደ ተራራ ተከምሮ ያንጸባርቃል፤
እንድሪስ አንድ ማንኪያ ቀምሶ
«ጨው አነሰው» አለ።

ስንት ዓመት ሆነው? መንገዱ ተዘጋ፤
ኤን ትሬዋ ለብረት ተሸጠች፣ በኪሎ ዋጋ።
እኔና እንድሪስ አጥር ለአጥር ቀረን።
ሁለት ድስት አለኝ።
ትልቁ የኔ ነው፣ ቋንጣና ቅልጥም የሚያውቅ፤
ትንሹ ሰማያዊው፣ እጀታው ላይ ቀይ ክር ያሰርኩበት፣
የጾሜ ነው፣ የእንድሪስም።
ሁልጊዜ በሰማያዊው እቀቅላለሁ፣
የሱን አስቀርቼ የኔን ወደ ትልቁ እገለብጣለሁ፣
አጥንቱ የሚገባው ያኔ ነው።
ጦይባም ለኔ የለየችው ድስት አላት፤
ክሩ ምን ዓይነት እንደሆነ አላውቅም።

ዛሬ ግን ምን ነካኝ?
የባትሪ ሬዲዮዬ ስለ ሐረጎ ጭጋግ ያወራል፤
ጆሮዬ ዳገቱን ሲወጣ፣ እጄ ቅልጥሙን
ሰማያዊው ውስጥ ጣለው።
ዱብ።
ከድመቷ በቀር ማንም አላየም።
አጥንቱን ላወጣው እችል ነበር፤
እንድሪስ በዚህ ብርድ አፍንጫው ተደፍኗል፣ ጥርስ የለውም፣
አያውቅም።
አያውቅም።
ጭልፋውን ይዤ ቆምኩ፣ ጉልበቴ እስኪቆጣ።

ሁሉንም ወደ ትልቁ ገለበጥኩት።
ሰማያዊውን ይዤ ዝናቡ ውስጥ ወጣሁ፤
በአመድ፣ በአሸዋ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
አምስት ላይ ቁጥሩ ጠፋብኝና
እንደገና ከአንድ።

ያልተዘፈዘፈ ቦሎቄ ጠጠር ነው፣ ልመና አይሰማም።
አሥር ሰዓት ሆነ። አሥራ አንድ። ከሰል ሁለቴ ጨመርኩ።
የመግሪብ አዛን በጉሙ ውስጥ ሲመጣ
ከአጥሩ ማዶ፦
«ደርበው! ሾርባው ከአሰብ ነው እንዴ የሚመጣው?»
«ጎማ ፈንድቶብኝ ነው» አልኩት።

ድስቱን በፎጣ ጠቅልዬ ተሻገርኩ።
ጦይባ ፋኖሱን ከፍ አደረገችው።
እንድሪስ እፍ አለበት፣ እፍ አለበት፣
አንድ ማንኪያ ወሰደ፣
ዓይኑን ጨፈነ።

ምን እንደሚል አውቃለሁ።
ጨዉን በወረቀት ጠቅልዬ
በኪሴ ይዤ ነው የመጣሁት።