የጥጥ ሚዛን

አበጋዝ ይመርን ቀብረን በሦስተኛው ቀን፣
ከቦርከና ማዶ፣ ከድንኳኑ ጥግ ሆነን፣
ካርታ እየበወዝን፣ ወግ እየቀደድን፣
ሟቹን እንደ ካርታ ለሁለት ቆረጥን።

«ሻምፒዮን ነው!» አለ ሸጋው ከጨርቅ ፋብሪካ፣
«ከባድ ሚዛን ሲባል ማን እሱን ሊነካ?
ደሴ ስታዲየሙ ጢም ብሎ በሰው፣
ጩኸቱ ሸዋ በር ድረስ ሲሰማ ነው፣
ያን የአሰብ ጫኝ አውራጅ፣ ያን ግንድ የሚያህል ሰው፣
በአንድ ግራ ቡጢ እንደ ጆንያ አራገፈው።
ሦስቱም ፈረቃ ሥራ አቁሞለት፣
ኮምቦልቻን ሁሉ፣
በዚህ ትከሻዬ እኔ ነኝ ያዞርኩት!»

እንድሪስ መካኒኩ ካርታውን አጠፈ።
«ዋንጫው ይሁንለት። ከዚያስ ምን አተረፈ?
ለዚያ ለግራ እጁ ቀበሌ ቀጠረው፤
መሣሪያ አስታጥቆ ማታ አሰማራው።
ታላቄን ኑርዬን፣ በዚያ በአፈሳ ቀን፣
ከኮርኒስ ጎትቶ ያወረደው ማን?
ቡጢ አላስፈለገም። እጁን ሲዘረጋ፣
ኑርዬ ወረደ፣ ዝም ብሎ፣ ሳይዋጋ።
ናቅፋ ላይ ነው የቀረው፤ መቃብር የለውም።
ይሄን ግን ይኸውና፣ አፈር አልነፈግነውም።»

ዝም አለ ድንኳኑ። ጎርፍ ብቻ ይጮኻል።
አንዱ «ዘመኑ ነው» ሲል፣
ሌላው «ዘመን ደግሞ መቼ እጅ አብቅሏል?»

ንፍሮ ይዛ መጣች ዘምዘም፣ የፈታችው።
ሳትቀመጥ ሰማች፤ ሳትቀመጥ ነው ያወራችው፦
«እጁ ለእኔም ደርሷል። አንድ ቀን ብቻ ነው።
ቀኝ ጆሮዬ ግን
እስከ ዛሬ ድረስ ጭር ያለ ቤት ነው።
ኋላ ያ እጅ ከዳው፤ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣
ሻይ በማንኪያ ሆነ፣ ቁልፍ መቆለፍ ቀረ።
በየማለዳው እየሄድኩ ሸሚዝ ቆለፍኩለት፤
ለምን እንደሄድኩኝ፣ በሉ ድረሱበት።»

ትሪውን አስቀምጣ ወጣች። ካርታው ሳይነካ ቆየ።
ከዚያ ሁሉም ዞሮ እኔን፣ ሙሄን፣ አየ።
«ጋሼ፣ አንተስ ዝምታ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ስትመዝን የኖርክ ሰው፣ አንዴ ፍረድ!» አሉ።

ምን ልበል?
ከዱብቲ በጭነት የሚመጣ ጥጥ አውቃለሁ።
ጥጥ እንኳ ይዋሻል፤ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል።
ይህን የመዘነ፣ በሰው ላይ ምን ይፈርዳል?

የውድድሩ ዋዜማ፣ መብራቱ ሲፈዝ፣
ከጥጥ ሚዛኔ ላይ ቆመልኝ አበጋዝ።
ለከባዱ ምድብ ሰማንያ አንድ ያሻል፤
ሚዛኑ «ሰማንያ ሁለት» ይላል፤
ወገቡ ግን አብጧል፣ የማሽን ብረት ሸጉጧል።
አየሁት።
አየኝም።
«እነዚያ ግንዶች ናቸው፣ ይሰብሩሃል» ብለው፣
ድምፁን ዝግ አድርጎ እንዲህ ነበር ያለው፦
«ከታች ምድብ ኑርዬ አለ። እሱን አልመታም።»
ጻፍኩ፦ ሰማንያ ሁለት።
ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

አሁን ይህን ነገር ከየት ሳህን ልጣል?
እንድሪስ ቢሰማው
ያቀልለት ይሆን? ወይስ ያከብድበታል?
ሚዛኑም የለም አሁን፤ ለቁራሊዮ ተሽጧል።

«ከባድ ነበር» አልኩኝ።
ሸጋው አጨበጨበ።
እንድሪስ ዓይኔን አየ፤ ብዙ ጊዜ አነበበ።
ከዚያ ካርታ አደለ፣ ከልማድ፣ ለአራት።
እኛ ግን ሦስት ነን።