ፍሪሲዮን

የመውጫ ወረቀቱ አራት ፊርማ ነበረው፤
አምስተኛው የኔ ሆነ፤ እስክሪብቶው ነው የዘገየው።
«እዚያ እኮ ማሽኑ የለም» አለኝ ሐኪሙ መነጽሩን እያወለቀ።
«እዚያ እናቴ አለች» አልኩት። ያልነገርኩት፣ የኔም ጉልበት አለቀ፤
አራት ወር ከአሥር ቀን ፕላስቲክ ወንበር ላይ አድሬ አንገቴ ደረቀ።

እናቴ ሁለቴ ብቻ መጣች። ጉልበቷ ደረጃ አይወድም፤
መንገዱም ባሰኘው ቀን ይከፈታል፣ ባሰኘው ቀን አያሳልፍም።
በስልክ እንዳታወራው፣ እሱ የቀረው አንድ ቃል፤
ደሙ ጭንቅላቱ ውስጥ ሲፈስ ሌላውን ጠርጎት ሄዷል፦
ሲርበው «እሺ»፣ ሲያመው «እሺ»፣
ሲቆጣኝም፣ ግንባሩ ተቋጥሮ፣ «እሺ!» ይላል።

ወንድሜ እርገጤ የሚኒባሱን የኋላ ወንበር ፈትቶ አወጣ፤
ብሎኖቹን በጋዜጣ ቋጥሮ፣ በቦታው ስፖንጅ ፍራሽ አመጣ።
አራት ሆነን አነሳነው። ሁለት ሰውም ይበቃ ነበር፤
ይህን ሁላችንም አውቀን ዝም አልን፣ እስኪዘጋ የመኪናው በር።

ይህ ሰው ሃያ ሰባት ዓመት በዚህ መንገድ ላይ በኤንትሬ
ጨው ከአሰብ ያወጣ፣ ሲመለስ ስሚንቶ፣ አንዳንዴም የዘመድ በሬ፤
ጣርማ በር ላይ ጉሙ ሲወፍር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ
ገደሉን በጆሮው የሚለካ፤
ዛሬ የመኪና ጣራ ያያል፣ በጀርባው ተኝቶ።

ሰንዳፋን ተኝቶ አለፈ፣ አለልቱንም አላየ፤
ሸኖ ላይ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ
ጉንጩን ሲዳስሰው ዓይኑን ገልጦ ቆየ።
ከዚያ ዳገቷ ጋ ስንደርስ፣ መኪናው በሦስተኛ ተጨንቆ ሲያጓራ፣
አንድ ነገር ብርድ ልብሱን ገፋ፤ የተረፈው እግሩ፣ ግራ።
ተጫነ። ያዘ።
ፍሪሲዮን ረግጦ፣ ቀኝ እጁ እንዲመጣለት ጠበቀ።

እጁ አልመጣም።
ደረቱ ላይ እንደ ሌላ ሰው ጓንት ተቀምጧል፤ አልተነሳም።

አነሳሁት፤ ማርሽ በሌለበት፣ አየሩ ላይ፣ ወደ ሁለተኛ ሳብኩለት።
«እሺ!» አለ ግንባሩን ቋጥሮ። ምን አጠፋሁ? ምን ነካሁበት?
እግሩን ለቀቀ። ደግሞ ረገጠ። ያኔ ገባኝ፤
ኤንትሬ ላይ ፍሪሲዮን ሁለቴ ነው የሚረገጠው፤
ልጅ ሆኜ ሲያወራ ሰምቼው ነበር፣ ጠፋኝ።

መንዳት አስተምረኝ ስለው ሁሌ «ቆይ» የሚለኝ አባቴ፣
እሱ በእግሩ፣ እኔ በእጁ፣ መሀሉ ፎሌ፣ ሁለቴ ሁለቴ፣
እንዲህ እያልን ጫጫን አለፍን። እርገጤ ጋቢና አንቀላፍቷል፤ አላወቀም፤
ሹፌሩ በመስታወት አየን፤ ሬዲዮኑን ዝቅ አደረገ፤ አልጠየቀም።

የተሃድሶው ቤት ጠባሴ ነው፤ አዲስ ቀለም ይሸታል፤
አስፋልቱ ጥግ ነው፤ ከደጃችን በእግር ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤
ለእናቴ ጉልበት አርባ። መጣች። የፋብሪካውን ብርድ ልብስ ተሸክማለች።
«ከስተሃል» አለችው፤ ወዲያው ደግሞ
የውሃ ቆጣሪውን ጠብ ትነግረው ጀመረች።

ማሽኑ በእርግጥም የለም። ሁለት ትይዩ ብረት፣ አንድ ኳስ፣ ግድግዳ ላይ መስታወት።
ምናልባት ሐኪሙ ልክ ነበር፤ ፈራሁ፤ ይህን ለእርገጤ አልነገርኩት።
ሲስተር እቴነሽ ቅጽ ትሞላለች፦ «ቀኝ እጅ፣ አይንቀሳቀስም።
ንግግር፣ አንድ ቃል።» ልክ ናት። ስለ ዳገቷ ግን ቅጹ አይጠይቅም።

ማታ አንድ የጭነት መኪና ማርሽ ሲቀይር ከውጭ ተሰማ፤
ብርድ ልብሱ ግርጌው ላይ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ በጨለማ።
«እግሩን ምን ነካው?» አለች እናቴ። «እየነዳ ነው» አልኳት።
ዝም አለች። ሃያ ሰባት ዓመት በር ላይ ቆማ የምትለው መጣላት፤
ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበችለትና፣
«በል ቀስ ብለህ» አለችው። «ጣርማ በር ላይ ጉም ይኖራል።»

«እሺ» አለ።