ያልታረመ

ሠላሳ አራት ዓመት፣ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ፣
በቀይ እስክሪብቶ ግድፈት ስለቃቅም፣ ቃል ከቃል ስመርጥ፣
«ልብ በል» እያልኩኝ በገጽ ኅዳግ ላይ፣
ለገዛ ልቤ ግን ልብ ሳልል፣ ሳላይ፣
ጡረታዬ ደርሶ ወጣሁ ከአራት ኪሎ፣
ስንብቴ በአንድ ፌስታል ተጠቅልሎ።

በሦስተኛው ወር፣ የቸርችልን ዳገት
ሽቅብ ስያያዘው፣ ፖስታ ቤቱን አልፌ፣
የማላውቀው መዳፍ ደረቴን ጨበጠው፤
ቆምኩኝ ተደግፌ
የመብራቱን ምሰሶ።
ረዳቱ ከሚኒባስ አንገቱን አስግጎ
«ፒያሳ ነው ፋዘር! አንድ ሰው! አንድ ሰው!»
ላብ አጥምቆኝ፣ አፌ ደርቆ፣ ምን ብዬ ልመልሰው?

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። የደሜን ውጤት አየች፣
አንዱን ቁጥር መርጣ በቀይ ከበበች።
እኔም ለካ ገጽ ነኝ፤ ለካ እታረማለሁ።
«ክኒኑን እንዳያቋርጡ። ጮማ ይቅር፣ ጨው ይቀነስ፣ በእግርዎ ይሂዱ።
ተልባም ደግ ነው፤ ተፈጭቶ፣ በቀን አንድ ሁለት ማንኪያ፣
ከመድኃኒቱ ጎን እንጂ፣ አይደለም መተኪያ።»

ተልባ!
የሑዳዴ ማባያ፣ የሆድ ድርቀት መላ፣
የሚያሙለጨልጭ እንደ ዓሣ ገላ፤
እሱ ነው የልብ ወዳጅ?

ከፋለ ትዝ አለኝ፣ የእርሳስ ፊደል ለቃሚው፣
ቅዳሜ ካዛንቺስ ቁርጥ አስቀዳሚው።
«ሐኪም ምን አለህ?» ስንለው፣
«ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቅጫ» ነበር መልሱ፣ ቢላውን እየሳለ።
የተንጫጫው ግን ልቡ ኖሯል፤
መጋቢት ላይ፣ በአንድ ሙቅጫ፣ ዝም አለ።

ደብሪቱን ያገኘኋት ከቀበና መውጫ፣ ከአጥሩ ጥግ ነው፤
ሰሊጥ፣ ሱፍ፣ ኑግ፣ ተልባ፤ አራት ከረጢት፣ አንድ ጣሳ፣ አንድ ጃንጥላ።
የመንዝ ሰው ናት፤ ታወራለች «ከ»ን ጥላ፣ «ተ»ን አንጠልጥላ፤
«ተየት ነህ ጌታው? ተታች ነው ተላይ?»
ሰፈረችልኝ። ደሞ ከጣሳው ላይ
አንድ እፍኝ ጨመረች፦
«ይቺ ደሞ ተልቤ ናት።»
ጆሮዬ ቀጥ አለ፤ የአራሚ ጆሮ ነው።
ተልባ። ተልቤ። ተልቧ።
በ«ባ» እና በ«ቧ» መካከል ያለው
እግር ሥር የተሰመረች አንዲት ጭረት ነው።

ቤት ገብቼ ቆላሁት፤ ተንጣጣ፤ ግማሹ አረረ፤
በልጄ ጁስ መፍጫ ስፈጨው ጎረቤቱ ተሸበረ።
ብርጭቆውን ሳነሣ፣ ከልስላሴው ሥር፣
የማውቀው ሽታ መጣ፦
ቀለም! የማተሚያ ቀለም!
ድሮ ፎርማናችን «በተልባ ዘይት ነው የሚለወሰው» ይለን ነበር፤
ሠላሳ አራት ዓመት ተልባ ስተነፍስ፣
አንድ ማንኪያ ሳልቀምስ!

ግንቦት ላይ ጣሳዬን ይዤ ብሄድ፣
አጥሩም ጥጉም የለም፤ አዲስ የእግር መንገድ፣
ችግኝ፣ አግዳሚ ወንበር፣ መብራት ተደርድሯል።
ዘበኛው «ተነሥተዋል» አለ።
«ወዴት?»
«እሱን ማን ያውቃል።»
ጃን ሜዳን ዞርኩ፤ አፍንጮ በርን ወረድኩ፤ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ወጣሁ፤
ከየከረጢቱ ፊት ቆሜ ጆሮዬን አቀናሁ፤
ሁሉም «ከየት ነው?» ይላሉ። «ተየት» የሚለኝ አጣሁ።
ዳገቱን አንዴም ሳልቆም መውጣቴን ልብ ያልኩት
ማታ ነው፣ ጫማዬን ሳወልቅ።

«ቁጥሩ ዝቅ ብሏል» አለች ሐኪሟ።
ከክኒኑ ይሁን፣ ከተልባው፣ ከእግሬ፣ እሷም አትምል።
ብልቃጡ ላይ በቀይ ጽፌ ለጥፌያለሁ፦ «ተልቧ»።
ልጄ ሕሊና አየችው፤
«አባዬ፣ አንተም ትሳሳታለህ? ባ ነው እኮ፣ ቧ አይደል!»
እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር።
ከደንኩት።