መጀመሪያ

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከካርድ ክፍል መስኮት፣
ጅማን ያየኋት ከደረት በላይ ነው፣ በጠባቧ ክፍተት።
ፊት አውቃለሁ እንጂ እግር አላውቅም፤
ማን በየት እንደመጣ፣ ምን ረግጦ እንደመጣ፣ ከዚህ አይታየኝም።

ሸምሱ አባ መጫ ሁለት ፋይል አለው።
ሰማያዊው የአእምሮ፣ ፎቅ ላይ ያለው፤
ቢጫው ደግሞ የሱስ፣ ከጀነሬተሩ ጓሮ፣
ሐሙስ ብቻ የሚከፈት፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ።

ሰማያዊው በር፦
«መጀመሪያ ጫቱን ተው፤
እየቃምክበትማ ኪኒኑ ምን ሊሠራ?»
ቢጫው በር፦
«መጀመሪያ ድምፁ ይተውህ፤
ከማይታይ ሰው ጋር እያወራህማ ከኛ እንዴት ታወራ?»

ሁለቱም መጀመሪያ።
ሁለት መጀመሪያ፣ አንድም መጨረሻ የሌለው፣
እህቱ ራውዳ ናት በፌስታል ይዛ የምታዞረው፤
ቀጠሮውን በአንድ እጅ፣ ወንድሟን በአንድ እጅ፣
ከጅሬን ቁልቁል በእግር፣ እስከዚች መስኮት ደጅ።

ጎሚስታ ነበር አሉ፣ አጂፕ መታጠፊያው ላይ፣ ጎማ የሚያለብስ፣
ከኮምፕሬሰሩ ነፋስ ውስጥ የገዛ ስሙን እስኪሰማ ድረስ።
ሲቅም፣ ድምፁ እንደ ባልንጀራ አጠገቡ ይቀመጣል፤
ሲተው፣ ዱካክ ሆኖ ሌሊት ደረቱ ላይ ይወጣል።
ምርቃናውን ሊሰብር ጨብሲ፣ ጨብሲውን ሊረሳ በርጫ፣
እንዲህ ነው የሚዞረው ሸምሱ አባ መጫ።

አንድ ሐሙስ፣ ሐምሌ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ፣
«ባለሙያው ወርክሾፕ ሄዷል፤ ለሳምንት ና» አልኩት፣ ገጽ ስገልጥ።
አልተቆጣም። ጎንበስ አለና፦
«እታለም፣ ጎማ ሁለት ቦታ ቢበሳ፣
አንዱን ደፍኜ ‹ለሌላው ሌላ ጋራዥ ሂድ› ብዬ አላውቅም፤
ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ አረፋው በወጣበት ሁሉ ነው እጄን የማሳርፈው።
አየሩ እንደሁ አንድ ነው።»

መልስ አጣሁ። ቁጥር ሰጠሁት።
ቁጥር ከመስጠት ሌላ ምን አውቃለሁ?

ይህን ለሲስተር ትርሲት ነገርኳት፣ ለወሬ ያህል፣ ሻይ ስንጠጣ፤
እሷ ግን ሻይዋን አስቀመጠች። ከላይ ደብዳቤ አልመጣ፣
በጀት አልመጣ፤ የመጣው አግዳሚ ወንበር ነው፤
እሷና ከቢጫው ክፍል ኦብሳ በሁለት ጫፍ ተሸክመውት፣
በኮሪደሩ ሲያልፉ አየሁ፣
ከደረት በላይ።

«ፋይሎቹን አንድ አድርጊ» ተባልኩ።
ስቴፕለሩ አልበሳቸውም፤ ሁለቱ አንድ ላይ የሰው ክንድ ያህል ወፈሩ።
ከዘበኛው የጆንያ መርፌ ተዋስኩና ሰፋኋቸው፣
ሰማያዊና ቢጫ፣ በሲባጎ፣ ጠርዝ ከጠርዝ እስኪጣጣም።
ሳነብ (ማንበብ አይፈቀድልኝም)
በአንዱ «ተሽሎታል» ይላል፤ በሌላው፣ በዚያችው ዕለት፣ «አልመጣም»።

መርፌዋን አልመለስኩም። መሳቢያዬ ውስጥ ናት።
ከሸምሱ ወዲህ ሰባት ሰው ሰፍቻለሁ፤
የአንዷ፣ የአረቄ ሻጯ፣ ሦስተኛም ፋይል ተገኘ፣ የእናቶች ክፍል፣ ሮዝ።

ዳነ ብዬ አልዋሽም።
መስከረም ላይ ሦስት ሳምንት ጠፋ፤
ራውዳ ብቻዋን መጣች፣ ፌስታሉን አጣጥፋ።
በአራተኛው መጣ፣ ጉንጩ አብጦ፣ አረንጓዴው ከጥርሱ ሳይለቅ።
ኦብሳ «መጀመሪያ...» ሊለው ነው ብዬ ፈራሁ፤
«ዱካኩ እንዴት አሳደረህ?» ነው ያለው።
ሲስተር ትርሲትም «ድምፁስ?»
በአንድ ትንፋሽ። በአንድ ክፍል።

ያን ቀን ፋይሉን ለተላላኪ አልሰጠሁም።
ከመስኮቴ ወጣሁ፤ ራሴ ይዤው ሄድኩ፤
በሩ አጠገብ እግሩን አየሁ።
የግራ ጫማው ሶል ተቀዶ፣ በከመነዳሪ ተለጥፏል፣
ሁለት ቦታ።