ሦስተኛዋ መብራት

እዚህ ከምድር ጠርዝ፣ ዝናብ ከማያባራበት፣
ቺሌ ወደ ደቡብ ተሰባብራ ባሕር ከምትገባበት፣
ሥራዬ ሁለት ነው፦ በጎችን ከሣሩ ሜዳ ማባረር፣
የነፋሱን ነገር ለሚመጣ አብራሪ በራዲዮ መናገር።
ክፍሌ ቆርቆሮ ናት፤ ወንበሬም አንድ እግሩ ሰባራ፣
ከሥሩ ድንጋይ አስደግፌ ነው የምሠራ።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ወንዙን ጭጋግ እንደሸፈነ፣
የኖልቤርቶ ሞተር ከተራራው ጀርባ መጣሁ መጣሁ አለ።
ከኋላው ዶሪላ አለች፣ የመንደሩ ልጆች አስተማሪ፣
ጎኗ ሽማግሌው ኦያርሶ፣ ጥርስ አስነቅሎ በጥጥ ተናጋሪ፤
ከዕቃው መሐል በካርቶን መቶ ጫጩት ይንጫጫል፣
የቄሱ አዲስ መነጽር ከፖስታው ጋር ተቀምጧል።

«ጎማ አውርጃለሁ» አለኝ። ዝም አለ ጥቂት ቆይቶ።
እንደገና ድምፁ መጣ፣ ከወትሮው ከስቶ፦
«ፓስኩዋላ፣ ሲወርድ ሦስት መብራት ነበር የማውቀው፣
ሁለቱ በርተዋል። አንዷ እንቢ አለች፤ የግራው ነው።»

ወጣሁ ወደ ደጅ፣ አንገቴን ወደ ሰማይ ሰቅዬ፣
ዝቅ ብሎ አለፈ፤ አየሁት ዝናቡን በመዳፌ ከልዬ፤
የፊቱ ቀጥ ብሏል፣ የቀኙም ቀጥ ብሎ ቆሟል፣
የግራው እግር ግን እንደ ተመታ ወፍ እግር ተንጠልጥሏል።
ይህን በምን ቃል፣ በየትኛው አፍ ይነግሩታል?
«ኖልቤርቶ» አልኩት፣ «የግራው ይወዛወዛል።»

ዞረ።
እንደገና ዞረ።
ቤንዚኑ እስኪያልቅ ሰማዩን እንደ አውድማ ፈረስ ዞረ።

መንደሩ ነቅሎ ወጣ፤ መጥረቢያ የያዘ፣ ብርድ ልብስ ያቀፈች፣
ከሜዳው ላይ ውኃ በባልዲ የምትቀዳ፣ ሊጥ በእጇ የሮጠች፤
ልጆቹ ከአጥሩ ሥር፣ አስተማሪያቸው ሰማይ ላይ፣
እጃቸውን አወጡ፣ እንደ ክፍል፣ አይታ ትጠራን ይሆን ወይ?

ሞተሩን አጠፋ። እንዲያ ያለ ዝምታ አላውቅም፤
ነፋሱ እንኳ ያን ጊዜ የጨርቅ ከረጢቴን አልነፋም።
በቀኝ እግሩ አረፈ፤ ግራ ክንፉን አየር ላይ ይዞ፣
እንደ አንካሳ ሽማግሌ በአንድ ምርኩዝ ተጉዞ፣
ይዞ፣ ይዞ፣ ይዞ፤
ከዚያ ክንፉ ደከመ፤
ሣሩን ነካ፣ ጭቃው ዘለለ፣ ብረቱ እንደ ሰው ታመመ፣
ተሽከረከረ፣ አጥሩን በላ፣ ከድንች እርሻው መሐል ቆመ።

በሩ ተከፈተ። ቀድመው የወጡት ጫጩቶቹ ናቸው፣
ቢጫ ቢጫ፣ ሞት እዚህ እንደነበር ማንም ያልነገራቸው።
ዶሪላ ወጣች፣ አንድ ጫማዋን ጭቃው ውጦት፤
ኦያርሶ ጥጡን ተፋና ተሳደበ፣ እንደ ጸሎት።
ኖልቤርቶ የመጨረሻ ነው፤ እጁ መሪውን አልለቅ አለ፣
ጣት በጣት ፈታንለት፣ «ሁለቱም አሉ? ሁለቱም?» እያለ፤
የትከሻው አጥንት መሰበሩን ያወቀው ማታ ነው።
የቄሱ መነጽር ደህና ነው።

ኤሌውቴሪዮ የሚሉት መካኒክ ሐሙስ በጀልባ መጣ፣
ከግራው እግር ሥር ተንበርክኮ አንዲት ብሎን አወጣ።
ከትንሽ ጣቴ ታንሳለች፤ ለሁለት ተከፍላለች።
ስብራቷን አሳየኝ፦ ግማሿ ጠቁራለች፣ ግማሿ ታበራለች።
«የሚያበራው የማክሰኞ ነው» አለኝ፤ «ጥቁሩ የቆየ ስንጥቅ፤
እኔ በየወሩ ሳጠብቃት እሷ በየወሩ ስትሰነጠቅ።
በዚህ ጨርቅ እየወለወልኩ፣ ዘይት እየቀባኋት፣
በዚህ እጄ፣ ደህና ናት ብዬ ስፈርምላት።»

«ከውስጥ ነው፣ ዓይን አይደርስበትም» አልኩት። አልሰማኝም።
ክፍሌ ገባ፤ የሰጠሁትን ሻይ አልነካም፤
ወንበሬን አየ። ድንጋዩን አየ።
መዶሻ ጠየቀኝ፤ ለግማሽ ቀን እዚያው ቆየ።
ጠረበ፣ ገጠመ፣ መታ፤ «ተቀመጪ» አለኝ፤ ተቀመጥኩ።
«ተነሺ።» ነቀነቀው። «ተቀመጪ።» እኔም ስነሳ ስቀመጥ ዋልኩ።
ሲመሽ ጀልባው ጠራው፤ ብሎኗን በመሐረብ ቋጥሮ ሄደ፤
ከኋላው እያየሁት በደረጃው አንድ በአንድ ወረደ፣
እያንዳንዱን እርከን
በእግሩ እየፈተነ።

ወንበሬ አይወዛወዝም አሁን።
ድንጋዩን ግን አልጣልኩም፤ ከራዲዮው አጠገብ አለ፣
ገና ምንም ያልተባለ ይመስል፣ ዝም እንዳለ።