ውሃ ልክ

ባሌ ኤሌውቴሪዮ ጡረታ ሲወጣ
እጁ ሥራ ፈትቶ ቤት ውስጥ መላ ቢያጣ፣
ከወደቡ አጥር ሥር ከተጣለው እንጨት
አራት ፓሌት ጫነ በትከሻው አጥንት።
ቫልፓራይሶ ደግሞ ለተሸከመ ሰው
ቁልቁለት የላትም፤ ሁሉም ዳገት ነው።
መቶ ስልሳ ሁለት ነው የኛ ደረጃ፤
እኔ ቆጥሬዋለሁ፣ ጉልበቴ ማስረጃ።

«ጠረጴዛ ነው ይኼ!» አለና ፎከረ፤
«ገና እንጨት ነው» አልኩት፤ እሱ ግን ጀመረ።

ጎኑ ላይ በእሳት የታተመ ፊደል፣
ግማሹ ተልጦ ግማሹ የማይል፤
ሙዝ ይሁን ሞተር ያዘለበት ጀርባ፣
የየት አገር ጥድ ነው፣ በየት ወደብ ገባ፣
ማን ያውቃል? ባሌ ግን አሸተተውና
«ሩቅ አገር ይሸታል» አለኝ ፈገግ አለና።

ምስማር አይገዛማ! አሮጌውን ነቅሎ፣
የጎበጠውን ሁሉ ድንጋይ ላይ አጋድሎ፣
እየኮረኮመ እንደ አስቸጋሪ ልጅ
ያቀናዋል ቁጭ ብሎ ከበረንዳው ደጅ።
አንዱ ቀጥ ይላል፣ አንዱ ይሰበራል፣
አንዳንዴ መዶሻው አውራ ጣት ያገኛል።
ያኔ የሚወጣው ስድብ የመርከበኛ ነው፤
እኔ አልደግመውም።
ጎረቤታችን ኦርቴንሲያ መስኮቷን ትዘጋለች፤
ትንሽ ቆይታ ግን መልሳ ትከፍታለች።

በዘጠነኛው ቀን ጠረጴዛው ቆመ፤
ክርኔን ላሳርፍ ብል ወደ ባሕር ዘመመ።
ሾርባዬ ሳሕኑን ባንድ ወገን ሞላ፤
ባሌ መጋዝ ያዘ ሾርባውን ሳይበላ።

አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቆረጠ።
እንደገና ለካ፣ ሌላውን ቆረጠ።
ሦስተኛው ረዘመ፤ እሱንም ቆረጠ።
አራተኛው እግር፣ ብቻውን የቀረው፣ ምን አጠፋ?
ቆረጠ።

ሰኞ ከወገቤ እኩል የነበረ ገበታ
ከጉልበቴ በታች ሆነ ሐሙስ ማታ።
ድመቷ ሳትዘል፣ እንዲያው ስትራመድ፣
ወጥታ ተኛችበት።
«ውሃ ልኩ ዋሸኝ!» አለ፣ «አረፋው ሰክሯል!»
ሊወረውረውም እጁን አንሥቶ ነበር።

እኔ ምንም አልኩ? አንድ ብርቱካን አነሣሁ፣
ጠረጴዛው ላይ አይደለም፣
ወለሉ ላይ አኖርኩት።
ብርቱካኑ ቆሞ ጥቂት አሰበና
ጉዳይ እንዳለው ሰው ተነሣ፣ ሄደና
በወንበሮቹ መሐል፣ በምድጃው ጥግ አልፎ
የባሕሩን ግድግዳ ኳ! አደረገው።

«ኤሌውቴሪዮ፣ ጠረጴዛህ ልክ ነበረ።
ቤቱ ነው።
ከዚያ የመሬት መንቀጥቀጥ ወዲህ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣
ቁምሳጥኑን በቆርቆሮ ስባሪ፣ አልጋውን በካርቶን
ደግፌ የማኖረው እኔ ነኝ።
አንተ ወደብ ውለህ፣ ማታ መጥተህ
ቀጥ ያለ መስሎህ የተጋደምከው
ሰባት ካርቶን ላይ ነው።»

ዝም አለ። መጋዙን ጭኑ ላይ አስተኛ።
ጣሪያውን አየ፣ የበሩን መቃን አየ፣
ከዚያ እኔን አየ፤
እንደ ምስማሮቹ ድንጋይ ላይ አጋድሞ
ሊያቀናኝ መስሎኝ ደነገጥኩ።
«ሰባት?» አለ።
«ሰባት። ሁለቱ ከጫማህ ሳጥን የወጡ ናቸው።»

የወደቁትን የእግር ቁራጮች ከወለል ለቀመ።
በሆዱ ተኝቶ፣ አልጋው ሥር ገብቶ፣
ካርቶኖቼን አንድ በአንድ እያወጣ
በየቦታቸው ጥድ ተካ።
እዚያ ሥር ብዙ ቆየ። ምን እንደሚያደርግ አልጠየቅኩም።
ሲወጣ ፀጉሩ አቧራ ነበር፣ ዐይኑም ቀልቷል፤
አቧራው ነው አለ።

ጠረጴዛውን የልጃችን ልጅ አንሴልሞ ወሰደው፤
ሦስት ዓመቱ ነው፣ ለክቶ ያሰፋው ይመስላል።
እኛ ዛሬም የምንበላው ሳሕን ጭናችን ላይ አድርገን ነው፤
ሾርባው ዛሬም ወደ ባሕር ያዘነብላል።
ትናንት ደግሞ ካጥሩ ሥር ሌላ ፓሌት አይቶ መጣ፣
«ለመደርደሪያ ነው» ይለኛል።

መጋዙን ፍራሽ ሥር፣ በኔ በኩል፣ ደብቄዋለሁ።
ሌሊት አልጋችን ሩቅ አገር ይሸታል፤
እሱ እያሸተተ ይተኛል፣
እኔ የመጋዙን ጥርስ
በጀርባዬ እቆጥራለሁ።